ዛፉን ማን ያንሣው?

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማለዳ፣ ገና ቡናዬን ሳላፈላ ስልኬ ጮኸ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር ወዳጄ ናት። «ዛፉ ወደቀ!» አለችኝ። የትኛው ዛፍ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከቤቷ ጎን የቆመው፣ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ቱሊፕ ፖፕላር ነው። ቤቱን የገዛች ሰሞን «ለጥላው ብቻ እንኳ ይገዛል» ብለን ያደነቅነው እሱን ነበር። ሌሊቱን የመጣው ወጀብ ከነሥሩ ነቅሎ፣ በቤቷና በጎረቤቷ አጥር መካከል አጋድሞት አደረ። ጣሪያውን አልነካም፤ አጥሩንም አልነካም። መኪናዋን ያን ማታ መንገድ ዳር አቁማ ስለነበር እሷም ተረፈች። ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጡት እናቷ በረንዳው ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ «ተመስገን» አሉ።

ተመስገኑ የቆየው እስከ ረፋድ ድረስ ነው። ወዳጄ ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያዋ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በትሕትና ጠየቀቻት። ዛፉ ቤቱን መትቷል? አልመታም። አጥሩን፣ ጋራዡን፣ የዕቃ ማስቀመጫውን? አልመታም። እንግዲያው ፖሊሲዎ ማንሻውን አይሸፍንም፤ ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ? ከዚያ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ዛፍ ቆራጭ 4,200 ዶላር ጠየቀ። ሁለተኛው 3,600 አለ፤ ጉቶውን ሳይጨምር። በዚያው መንገድ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ግን አንድ ቅርንጫፍ የሰው ጣሪያ በስቶ ገብቶ ነበርና፣ በዚያው ቀን ሸራ የሚወጥሩ ሠራተኞች መጥተው ሲሯሯጡ ዋሉ። «12 ዓመት ሙሉ ስከፍል አንድ ቀን ክሌም አድርጌ አላውቅም» አለችኝ። «ታዲያ አሁን ቤቴን ስላልመታ ነው የምቀጣው?»

ጥያቄዋ ከጆሮዬ ስላልወጣ የዚህን ወር ገጽ ለእሱ ሰጠሁት። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ብዙዎቻችን ቤት የገዛነው እንደዚሁ ትልልቅ ዛፎች ባሉበት ሰፈር ነው፤ ስንገዛም ወጥ ቤቱንና ቤዝመንቱን እንጂ ዛፉን ቀና ብሎ ያየ ጥቂት ነው።

መልሱ ያናድዳል እንጂ ውስብስብ አይደለም። የቤት ኢንሹራንስ የሚገዛው ለቤቱ ነው። ዛፍ ሲወድቅ ኩባንያው የሚያየው ዛፉን ሳይሆን ዛፉ ያረፈበትን ነገር ነው። ሣር ላይ ካረፈ፣ ለእነሱ ምንም አልሆነም። እኛ ደግሞ ፖሊሲን እንደ እድር እናስበዋለን። ለዓመታት ከፍለናል፤ እንግዲህ ችግር ሲደርስ ይድረሱልን እንላለን። እድር የሚጠይቀው ምን እንደደረሰብህ ነው። ኢንሹራንስ የሚጠይቀው የደረሰብህ ነገር በየትኛው አንቀጽ እንደተጻፈ ነው።

አንቀጹን እንየው። በአሜሪካ አብዛኛው ባለቤት የሚኖርበት ቤት ዋስትና የሚገባው ኤችኦ-3 በሚባለው የፖሊሲ ዓይነት ነው። በመደበኛው ቅጽ ውስጥ ፍርስራሽ ስለማንሣት በሚናገረው ክፍል ስለ ዛፍ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች አሉ። ነፋስ፣ በረዶ ወይም የበረዶ ክብደት የጣለው የእናንተ ዛፍ፣ ወይም ፖሊሲው በሚሸፍነው አደጋ የወደቀ የጎረቤት ዛፍ፣ ዋስትና ያለውን ሕንፃ ከጎዳ ለማንሻ ይከፍላል። ሕንፃ ሲባል አጥርም፣ ጋራዥም፣ የዕቃ ማስቀመጫም ይገባበታል። ክፍያው በመደበኛው ቅጽ ለአንድ ዛፍ ከ500 ዶላር አይበልጥም፤ በአንድ አደጋ አሥር ዛፍ ቢወድቅም በጠቅላላው 1,000 ዶላር ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ከዚህ ከፍ ያደርጉታል፤ ስለዚህ የራሳችሁን ወረቀት አውጡና ቁጥሩን ፈልጉ። ጣሪያውን፣ ኮርኒሱን፣ ግድግዳውን መጠገን ግን ሌላ ሒሳብ ነው፤ እሱ የሚከፈለው ከቤቱ ዋና ዋስትና ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘብ ያጣል። ዛፍ ጣሪያ ላይ ሲወድቅ ሥራው ሁለት ነው። አንዱ ግንዱን በክሬን ከቤቱ ላይ ማንሣት፣ ሌላው ግቢ ውስጥ ያረፈውን ቆራርጦ መውሰድ። ብዙ ኩባንያዎች የመጀመሪያውን የጥገናው አካል አድርገው ይቆጥሩታል፤ ጣሪያው ላይ ግንድ ተጋድሞ ጣሪያ አይጠገንምና። 500 ዶላሩ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ዛፍ ቆራጩ ሁሉንም በአንድ መስመር «ዛፍ ማንሣት፣ 6,000 ዶላር» ብሎ ከጻፈላችሁ ግን ሙሉው ሒሳብ በ500 ዶላር ጣሪያ ሥር ሊወድቅ ይችላል። «ከቤቱ ላይ ማንሻው ይህን ያህል፣ ከግቢ ማስወገጃው ይህን ያህል» ብሎ ለይቶ እንዲጽፍ ጠይቁት። አንድ ተጨማሪ መስመር መጻፍ ለእሱ ምኑም አይደለም።

አሁን ወደ ወዳጄ ልመለስ። የዚያው ክፍል ቀጣይ መስመር እንዲህ ይላል፤ ዛፉ ምንም ሕንፃ ባይጎዳም፣ በግቢያችሁ ያለውን የመኪና መግቢያ ዘግቶ መኪና እንዳይገባ ወይም እንዳይወጣ ካደረገ፣ ማንሻው ይከፈላል። ለአካል ጉዳተኛ የተሠራ መወጣጫን ከዘጋም እንደዚሁ። ይህን በስልክ ሳነብላት ዝም አለች። ከዚያ «ጫፉ እኮ የመኪና መግቢያው ላይ ነበር» አለች። ነበር። ወንድሟ ማልዶ በሞተር መጋዝ ቅርንጫፎቹን ቆራርጦ መግቢያውን ከፍቶላታል፤ እሷም በደወለች ጊዜ መግቢያው ክፍት ስለነበር አላነሣችውም፤ ስልክ ያነሣችውም ልጅ አልጠየቀቻትም። ፎቶ? እሷ አላነሣችም። የ11 ዓመት ልጇ ግን ለጓደኞቹ ሊያሳይ ሁለት ፎቶ አንሥቶ ኖሮ፣ በአንዱ ላይ ቅርንጫፎቹ መግቢያውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍነውት በግልጽ ይታያል። ፎቶውን ይዛ እንደገና ደወለች፤ 500 ዶላር ተፈቀደላት። ከ3,600 ላይ ትንሽ ነው፤ ግን ልጁ እስካሁን ድርሻውን ይጠይቃል።

እንግዲህ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ስልክ ይነሣ። ከመንገድ በኩል፣ ከግቢ በኩል፣ ሥሩ የተነቀለበትን ቦታ ጭምር በፎቶ ያዙ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነካ ግን ፎቶም ይቅር፤ ራቁና ለመብራት ኩባንያው ደውሉ። ጣሪያው ከተበሳ፣ ዝናብ እንዳይገባ ሸራ ማስወጠር የእናንተ ግዴታ ነው፤ ፖሊሲው ተጨማሪ ጉዳት ተከላከሉ ይላል። ለዚያ ያወጣችሁት ተገቢ ወጪ ይታሰብላችኋልና ደረሰኙን አስቀምጡ።

ከአብዛኛው ክፍያ በፊት ዲዳክተብል አለ፤ ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት የመጀመሪያው ድርሻ። ብዙዎቻችን 1,000 ወይም 2,500 ዶላር እንደሆነ እናውቃለን። የማናውቀው፣ አንዳንድ ፖሊሲዎች ለነፋስ ወይም ለሀሪኬን የተለየ፣ በመቶኛ የሚሰላ ዲዳክተብል እንዳላቸው ነው። መቶኛው የሚሰላው ከጉዳቱ ሳይሆን ቤቱ ዋስትና ከተገባበት መጠን ነው። ቤቱ በ500,000 ዶላር ዋስትና ከተገባ፣ 2 በመቶ ማለት 10,000 ዶላር ነው። የ8,000 ዶላር ጉዳት ቢደርስባችሁ አንድ ሳንቲም አታገኙም። የፖሊሲው የመጀመሪያ ገጾች ላይ ተጽፏል፤ ዛሬ ማታ ሳህን ከማጠባችሁ በፊት ተመልከቱት። የጣሪያውንም ነገር አብራችሁ እዩ። «በምትክ ዋጋ» ነው የሚከፈለው ወይስ እርጅናው ተቀንሶ? የ20 ዓመት ጣሪያ እርጅናው ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ጉዳቱ ከዲዳክተብሉ ትንሽ ብቻ የሚበልጥ ከሆነ ክሌም ማድረግ ሁልጊዜ አያዋጣም። ክሌሞች ኩባንያዎች በሚጋሩት መዝገብ እስከ 7 ዓመት ይቆያሉ፤ ለሚቀጥለው ፖሊሲ ስትጠይቁም ይታያሉ። 300 ዶላር ለማግኘት ብሎ ስም ማስመዝገብ፣ በእኔ ግምት፣ ኪሳራ ነው።

በፍጥነት የማልፋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። መኪና ላይ የወደቀ ዛፍ የቤት ኢንሹራንስ ጉዳይ አይደለም፤ የመኪናው «ኮምፕሪሄንሲቭ» ዋስትና ነው የሚከፍለው፤ እሱ ከሌላችሁ ብዙ ጊዜ ማንም አይከፍልም። ቤዝመንት ያከራያችሁ፣ የተከራያችሁ ዕቃ በእናንተ ፖሊሲ አይሸፈንም፤ የራሱን የተከራይ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ንገሩት። ቤቱን ሙሉ በሙሉ አከራይታችሁ ሌላ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ፖሊሲያችሁ የባለቤት ነዋሪ ፖሊሲ ሆኖ እንዳይቀር፤ ኩባንያው ይህን የሚያጣራው ክሌም ስታደርጉ ነው። ታውንሃውስ ውስጥ የምትኖሩ፣ ከፊት ለፊታችሁ ያለው ዛፍ የማኅበሩ ሊሆን ይችላል። በመንገድና በእግረኛ መንገድ መካከል ያለው ዛፍም ብዙ ጊዜ የእናንተ አይደለም፤ ዲሲም ሞንጎመሪ ካውንቲም 311 ደውላችሁ ታመለክታላችሁ።

ወጀብ ባለፈ ማግሥት በር የሚያንኳኩትን ተጠንቀቁ። መጋዝ የጫነ ፒካፕ ያለው ሁሉ ዛፍ ቆራጭ አይደለም። በሜሪላንድ ዛፍ የሚቆርጥና የሚያክም ሰው ከግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የዛፍ ባለሙያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩን ጠይቁ። የሠራተኞቹንም የጉዳት ኢንሹራንስ ማስረጃ ጠይቁ፤ አንዱ ከዛፍ ላይ ቢወድቅ ጣጣው እናንተ በር ላይ ይመጣል። «ምንም አትክፈሉ፣ ከኢንሹራንሱ ጋር እኔ እጨርሳለሁ፣ እዚህ ጋ ብቻ ፈርሙ» የሚላችሁን አትፈርሙለት። መብታችሁን ያስተላለፈ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ኩባንያው ያለአግባብ ከለከለኝ የምትሉ ከሆነ በሜሪላንድ የኢንሹራንስ አስተዳደር፣ በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በዲሲ የኢንሹራንስ፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና የባንክ መምሪያ አቤቱታ ይቀበላሉ፤ አያስከፍሉም።

ነፋስ ዛፍ መጣሉ በዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ የቆዩ ሰዎች መስከረም 2003 የመጣውን ኢዛቤልን ያስታውሳሉ። ከዚያ ይልቅ ግን ሰው የሚያወራው ሰኔ 29 ቀን 2012 ማታ የመጣውን፣ ደሬቾ የተባለውን ወጀብ ነው። ከመካከለኛው ምዕራብ ተነሥቶ በአንድ ቀን ዋሽንግተን ደረሰ፤ በዚህ አካባቢ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት አጣ፤ በዚያ ሙቀት ለቀናት ያለ ፍሪጅ የሰነበተ ብዙ ነው። አፈሩ በዝናብ ሲርስ የሥሩ መያዣ ይላላል። ለመኪና መግቢያ ወይም ለቤት ማስፋፊያ ሲቆፈር ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ደግሞ ለዓመታት ደህና መስሎ ይቆማል።

በጸደይ ነጭ አበባ የሚያለብሰውን ብራድፎርድ ፔርንም ልጥቀስ፤ ግማሹ ሰፈር ውስጥ አለና። ይህ ዛፍ ለገበያ የወጣው በ1963 ሲሆን፣ የመጣውም እዚሁ ሜሪላንድ ግሌን ዴል ከነበረ የመንግሥት የዕፅዋት ጣቢያ ነው። ቅርንጫፎቹ ከአንድ ቦታ ተጠጋግተው ስለሚወጡ፣ 15 ወይም 20 ዓመት ሲሞላው ነፋስ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ግቢያችሁ ካለ፣ አበባውን አድንቃችሁ ስትጨርሱ ዋጋ አስጠይቁ። ዲሲ ውስጥ ከሆናችሁ ግን መጀመሪያ ዙሪያውን ለኩ። 44 ኢንች እና ከዚያ በላይ ዙሪያ ያለውን ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ያስቀጣል፤ 100 ኢንች የደረሰ ደግሞ አደገኛ ካልሆነ በቀር በአብዛኛው አይቆረጥም።

ፖፕላሩ በወደቀ በሁለተኛው ሳምንት ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። የወደቀው ዛፍ ቦታ ተከፍቶ፣ ሰማዩ በአንድ ጎን ገብቷል። በዚያ ክፍተት ቀድሞ የማይታይ ነገር ታየኝ፤ የጎረቤቷ ኦክ። ግማሹ በሐምሌ ቅጠል የለውም። ከሥሩ ዙሪያ እንደ መደርደሪያ የተደራረበ እንጉዳይ አብቅሏል። ያዘነበለው ደግሞ ወደ እሷ ቤት፣ ልክ ወደ ልጇ መኝታ ቤት ነው።

ጎረቤቷ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት አሜሪካዊ ናቸው። ልጇ ሲወለድ አበባ ይዘው የመጡ፣ በረዶ ሲጥል የእሷንም ደጅ የሚጠርጉ ሰው ናቸው። እናቷ ቋንቋ ሳይግባቡ «ጋሼ» እያሉ ድፎ ዳቦ ይልኩላቸዋል። «ይህ ዛፍ ቢወድቅብኝ የሚከፍለው ማን ነው?» አለችኝ ወዳጄ። እናቷ ቀድመው መለሱ። «ነፋስ የጣለውን እግዜር ጣለው። ሰውየው ምን አጠፉ?»

የአገሩም አሠራር የእናቷን ያህል ነው የሚያስበው። የጎረቤት ጤነኛ ዛፍ በወጀብ ቤታችሁ ላይ ቢወድቅ፣ የምትደውሉት ለራሳችሁ ኢንሹራንስ ነው፤ ዲዳክተብሉም የእናንተ ነው። እናቷ ያልጨመሩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ዛፉ አደገኛ መሆኑን ያውቁ ነበር ወይ? ወይም ማወቅ ነበረባቸው? የሞተ፣ የበሰበሰ ዛፍ መሆኑ ተነግሯቸው ካልቆረጡት፣ ኃላፊነቱ ወደ እሳቸውና ወደ እሳቸው ኢንሹራንስ ሊዞር ይችላል። የእናንተም ኩባንያ ከእነሱ ካስመለሰ ዲዳክተብላችሁ ሊመለስላችሁ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን «ተነግሯቸው ነበር» በሚለው ላይ ነው። በአጥር ላይ በወሬ መሃል የተነገረ ነገር ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒውም አስቡት፤ ለእናንተ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሳችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። የራሳችሁም የሞተ ዛፍ ከሆነ በራሳችሁ ቤት ላይ ሲወድቅ፣ ኩባንያው «ችላ ብላችሁት ነው» ብሎ ሊከራከራችሁ ይችላል።

ወደ ግቢያችሁ ያለፈውን ቅርንጫፍ እስከ ወሰኑ ድረስ በራሳችሁ ወጪ መቁረጥ ይፈቀድላችኋል፤ ዛፉን ሳትገድሉ፣ ወደ እሳቸው ግቢም ሳትገቡ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ከፌርፋክስ ካውንቲ በመጣ ጉዳይ፣ የጎረቤት ዛፍ በንብረት ላይ ትክክለኛ ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ሊጠየቅ እንደሚችል ወስኗል። ለአንድ ያጋደለ ኦክ ግን መቀስም ፍርድ ቤትም አይደርስለትም። የሚያስፈልገው ደብዳቤ ነው።

ወዳጄ ደብዳቤ የሚለውን ቃል ስትሰማ ቡናውን አስቀመጠችው። «ለእሳቸው? በሪኮማንዴ? ምን ይሉኛል?» ይሉኝታ በየትኛውም ፖሊሲ ውስጥ አልተጻፈም እንጂ፣ በእኛ ማኅበረሰብ ከዲዳክተብል ይልቅ የሚያስከፍለው እሱ ይመስለኛል። እኔም ብሆን ከብዶኝ ነበር፤ አልዋሽም። የተስማማነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ድፎ ዳቦ ይዛ ሄዳ በአፏ ትነግራቸዋለች፤ ደብዳቤም እንደምትልክ፣ ለምን እንደምትልክም ትነግራቸዋለች። ከዚያ የዛፍ ባለሙያ ከእሷ ግቢ ሆኖ አይቶ ሁለት አንቀጽ ይጽፍላታል። ከዚያ ደብዳቤው ይሄዳል፤ ቀን፣ የዛፉ ቦታ፣ ምን እንደሚታይበት፣ ሦስት ፎቶ፣ የባለሙያው ወረቀት፣ እንዲመረምሩት የሚል ጥያቄ። ክስ የለ፣ ማስፈራሪያ የለ። ቅጂው በእሷ እጅ ይቀራል።

ሄደች። ዳቦውን ተቀበሏት፣ ስለ እናቷ ጤና ጠየቋት፤ ስለ ዛፉ ሲነሣ ግን ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ዥዋዥዌ ሰቅለውበት እንደነበር ነገሯት። እቆርጠዋለሁም አላሏት፤ አልቆርጥምም አላሏት። ደብዳቤውን በማግሥቱ ላከች።

ይህን ስጽፍ ኦኩ እንደቆመ ነው። ደብዳቤው እንደደረሳቸው የፈረሙበት አረንጓዴ ካርድ ተመልሶ መጥቶ ፍሪጇ ላይ ተለጥፏል። የልጇን አልጋ ደግሞ ከወንድሟ ጋር ሆና ከመስኮቱ ሥር አንሥታ፣ በወዲያኛው ጎን ወዳለው ክፍል አዛውራዋለች።